ካርታው 5,440 ኪሎ ሜትር ይላል፣ መንገዱ ግን 12,800 ነው

ከአላስካዋ አንኮሬጅ እስከ ኖርዌይዋ ትሮምሶ ያለው የአየር ርቀት ሲሰላ ወደ 5,440 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ከኒውዮርክ ለንደን እንደ መሄድ ማለት ነው። ለአንድ ጄት የ7 ሰዓት መንገድ ነው። ስሌቱ ላይ ምንም ስህተት የለም። ችግሩ በዚያ መስመር ላይ መንገደኛ የሚጭን በረራ አለመኖሩ ነው። ሰው የሚሄደው ለምሳሌ በሲያትል፣ በፍራንክፈርትና በኦስሎ በኩል ነው፤ አራት በረራ፣ በድምሩ 12,800 ኪሎ ሜትር ገደማ። የአራቱ በረራ ጊዜ ብቻ 16 ሰዓት ተኩል ይጠጋል፤ በየመሸጋገሪያው የሚጠበቀው ሲታከልበት አንድ ሙሉ ቀን ቢያልፍ አይገርምም።

እኔም እንዲህ ያለ ቁጥር አይቼ «ቀላል ነው» ካሉት አንዱ ነበርኩ። የደረሰብኝን መተረክ ለማንም አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው የት የት ላይ እንደሚሳት ማወቁ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ስሌት እስከ ሻንጣው ድረስ በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

መጀመሪያ ርቀቱን ራሳችሁ አስሉት። ስልክ ላይ ያለ ካልኩሌተር ይበቃል። ከምዕራብ አውስትራሊያዋ ብሩም እስከ ታዝማኒያዋ ሆባርት ያለውን እንውሰድ። የብሩም አውሮፕላን ማረፊያ 17.95 ደቡብ ኬክሮስና 122.23 ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው፤ የሆባርቱ 42.84 ደቡብና 147.51 ምሥራቅ ላይ። የኬክሮሱ ልዩነት 24.89 ዲግሪ ነው። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ የትም ቦታ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 2,763 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የኬንትሮሱ ልዩነት ደግሞ 25.28 ዲግሪ ነው። የኬንትሮስ ዲግሪ ግን ወደ ዋልታ በተጠጋን ቁጥር እየጠበበ ስለሚሄድ 111ን በአማካዩ ኬክሮስ ኮሳይን ማባዛት አለባችሁ። አማካዩ 30.4 ነው፣ ኮሳይኑ 0.8625፤ ስለዚህ 2,420 ኪሎ ሜትር ይወጣል። ሁለቱን ቁጥሮች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝታችሁ ደምሩና ስኩዌር ሩቱን አውጡ። 3,673 ታገኛላችሁ። የምድርን ኩርባ የተከተለው ትክክለኛ ርቀት 3,650 ገደማ ነው። ለእቅድ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ይህ አቋራጭ ስሌት ግን ሰሜን ላይ ያስታል። አንኮሬጅና ትሮምሶ ላይ ብትሞክሩት 7,860 ይሰጣችኋል፤ ከትክክለኛው በ2,400 ይበልጣል። ምክንያቱም በዚያ ኬክሮስ ላይ አጭሩ መንገድ ወደ ጎን አይሄድም፣ ወደ ላይ ወጥቶ ከሰሜን ዋልታ በ270 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት አልፎ በሌላው ወገን ይወርዳል። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያሰመረ ሰው ይህን ጨርሶ አያየውም። እንግዲህ የኬንትሮሱ ልዩነት ከ40 ዲግሪ ካለፈ ወይም ሁለቱም ኬክሮሶች ከ60 ዲግሪ በላይ ከሆኑ አቋራጩን ትታችሁ ሙሉውን ቀመር ተጠቀሙ፦ የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን አባዙ፤ ለብቻው ደግሞ የሁለቱን ኬክሮሶች ኮሳይንና የኬንትሮሱን ልዩነት ኮሳይን፣ ሦስቱን አባዙ፤ ሁለቱን ውጤቶች ደምሩ፤ ድምሩን በአርክ ኮሳይን ወደ ዲግሪ መልሱና በ111.2 አባዙት። ለአንኮሬጅና ትሮምሶ የመጀመሪያው 0.8216፣ ሁለተኛው ከዜሮ በታች 0.1643 ነው። ድምሩ 0.6573፣ በዲግሪ 48.9፣ በኪሎ ሜትር 5,440 ገደማ።

እዚህ ላይ የሚሠሩት ስህተቶች ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው። ካልኩሌተሩ በዲግሪ ፈንታ በራዲያን (በሌላ የማዕዘን መለኪያ) ሆኖ ይገኛል፤ ያኔ የሚወጣው ቁጥር ትርጉም የለውም። 17 ዲግሪ ከ57 ደቂቃ ተብሎ የተጻፈውን 17.57 አድርገው ያስገባሉ፤ ደቂቃ ለ60 ስለሚካፈል ትክክሉ 17.95 ነው፤ በዚህች ብቻ 42 ኪሎ ሜትር ትስታላችሁ። አንዱ ቦታ ምዕራብ ሌላው ምሥራቅ ሲሆን ኬንትሮሶቹ ይደመራሉ እንጂ አይቀናነሱም፤ የአንኮሬጅ 150 ምዕራብና የትሮምሶ 18.9 ምሥራቅ 168.9 የሆኑት ለዚህ ነው። በመጨረሻም «ማይል»። ተራው ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ነው፤ አብራሪዎች የሚቆጥሩበት የባሕር ማይል 1.852። 3,650 ኪሎ ሜትር በአንዱ 2,268፣ በሌላው 1,971 ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ሳያረጋግጡ የተጻፈን ቁጥር ወደ ኪሎ ሜትር መቀየር 15 በመቶ ያዛባል።

ከስሌቱ በፊት ግን የማረፊያውን ስም አጣሩ። ሲድኒ አውስትራሊያ ውስጥም ካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ውስጥም አለች። ሳን ሆሴ ካሊፎርኒያም ኮስታ ሪካም ናት። በርሚንግሃም እንግሊዝ አገር እንዳለ ሁሉ አላባማ ውስጥም አለ። ሳንቲያጎማ በቺሊ፣ በስፔን፣ በኩባና በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሁሉ አውሮፕላን ማረፊያ አላት። ስሟ ውስጥ ፍራንክፈርት የሚል የተለጠፈባት ሃን ደግሞ ከፍራንክፈርት ከተማ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ትኬት ስትቆርጡ በከተማ ስም ሳይሆን በሦስት ፊደሉ የማረፊያ መለያ ፈልጉ፤ የሲድኒ አውስትራሊያ «ኤስ ዋይ ዲ» ነው፣ የካናዳዋ «ዋይ ኪው ዋይ»። የላካችሁት ሰው ትኬት ሲቆርጥላችሁም መለያውን ጽፋችሁ ስጡት።

ርቀቱ ከታወቀ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ መስመሩ በማን በኩል ያልፋል የሚለው ነው። ወደ ብሩምና ሆባርት እንመለስ። በፐርዝ በኩል ከሄዳችሁ መጀመሪያ 1,680 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ 3,020 ወደ ምሥራቅ፤ ድምሩ 4,700። በሜልበርን በኩል ከሆነ 3,110 እና 620፤ ድምሩ 3,730። ቀጥታው 3,650 ስለሆነ የሜልበርኑ መንገድ ከሞላ ጎደል ምንም አያስረዝምም፣ የፐርዙ ግን ወደ 1,050 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። ታዲያ ሁልጊዜ ሜልበርን? አይደለም። ከትንሽ ከተማ ወደ ሩቅ ትልቅ ከተማ የሚሄድ ቀጥታ በረራ ብዙ ጊዜ ቱሪስት በሚበዛበት ወቅት ብቻ ይከፈታል፤ በቀረው ጊዜ በሳምንት ጥቂት ቀን ይሆናል ወይም ጭራሽ ይዘጋል። በቅርብ ወዳለው ትልቅ ማረፊያ የሚሄደው ግን ዓመቱን ሙሉ አለ። እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ በቀን ሦስት አራት ጊዜ የሚበረርበትን ረጅም መንገድ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከሚበረርበት አጭር መንገድ አስቀድማለሁ። በአጭሩ መንገድ አንድ በረራ ቢያመልጣችሁ የምትጠብቁት ሰዓት ሳይሆን ቀን ነው።

አሁን ጊዜው። ኪሎ ሜትሩን በፍጥነት ማካፈል ብቻውን አይበቃም። እንደ ቦይንግ 737 እና ኤርባስ ኤ320 ያሉት በጉዞ ከፍታቸው ላይ በሰዓት 830 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳሉ፤ እንደ ቦይንግ 787 ያሉት ረጅም መንገደኞች 900። ባለ ፕሮፔለሩ ኤቲአር 72 ግን 510 አካባቢ ነው። በዚህ ላይ መሬት ላይ የሚንከባለልበት፣ ቀስ ብሎ የሚወጣበትና የሚወርድበት አለ። ስለዚህ ለጄት 30 ደቂቃ፣ ለባለ ፕሮፔለር 20 ደቂቃ ደምሩ፤ ከተጨናነቀ ትልቅ ማረፊያ የምትነሱ ከሆነ 45 አድርጉት። ትኬት ላይ የሚጻፈው የበረራ ጊዜ አውሮፕላኑ ከጌት (ከመሳፈሪያ በሩ) ከተንቀሳቀሰበት የሚቀጥለው ጌት ላይ እስኪቆም ያለው ነው እንጂ አየር ላይ የሚቆይበት ብቻ አይደለም፤ አየር መንገዶችም እንዳይዘገዩ ትንሽ ትርፍ ይጨምሩበታል። ካፒቴኑ «የበረራ ጊዜያችን 3 ሰዓት ከ20» ሲል ትኬታችሁ 4 ሰዓት ካለ የተሳሳተ ሰው የለም።

የአውሮፕላኑ ዓይነት በአጭር በረራ ላይ ሰዎች እንደሚያስቡት ብዙ ልዩነት አያመጣም። 620 ኪሎ ሜትር ጄት በ1 ሰዓት ከ15 ይጨርሰዋል፣ ኤቲአር በ1 ሰዓት ከ33። ከኦስሎ ትሮምሶ ያለውን 1,120 ኪሎ ሜትር ግን ጄቱ በ1 ሰዓት ከ50፣ ኤቲአሩ በ2 ሰዓት ተኩል ነው የሚሄደው። የ40 ደቂቃ ልዩነት አንድ ኮኔክሽን (ተሸጋግራችሁ የምትይዙት ቀጣይ በረራ) እንዲያመልጣችሁ በቂ ነው። ትኬቱ ዝርዝር ውስጥ የአውሮፕላኑ ዓይነት ስለሚጻፍ እዩት።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ንፋስ ነው። በመካከለኛ ኬክሮሶች፣ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የንፋስ ጅረት አለ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ማለፉ የተለመደ ነው፤ በክረምት ከዚያም በእጥፍ ይሄዳል። ከፐርዝ ሆባርት ያለውን 3,020 ኪሎ ሜትር ንፋስ ባይኖር 4 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ነበር የሚፈጀው። 100 ኪሎ ሜትር ንፋስ ከኋላ ሲገፋ 3 ሰዓት ከ45 ይሆናል፤ ሲመለስ ያው ንፋስ ከፊት ሲገጥመው 4 ሰዓት ከ40 ገደማ። መሄጃውና መመለሻው የ55 ደቂቃ ልዩነት አላቸው ማለት ነው። መሄጃውን አይታችሁ መመለሻውን በግምት አታስቀምጡ። በኒውዮርክና ለንደን መካከልም ወደ ምሥራቅ 7 ሰዓት ገደማ የሚፈጀው ወደ ምዕራብ 8 ሰዓት የሚጠጋው በዚሁ ምክንያት ነው። የተዘጋ የአየር ክልል ካለ ደግሞ ስሌቱ ከነጭራሹ ይፈርሳል። የሩሲያ አየር ክልል በ2022 ለአውሮፓ አየር መንገዶች ከተዘጋ ወዲህ ከሄልሲንኪ ቶኪዮ የሚደረገው በረራ ከ9 ሰዓት ተኩል ወደ 13 ሰዓት ገደማ አድጓል፤ ሁለቱ ከተሞች ግን ካሉበት አልተነቃነቁም።

ቀጥሎ ሰዓቱ፣ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ። በትኬት ላይ መነሻው በመነሻው ከተማ ሰዓት፣ መድረሻው በመድረሻው ከተማ ሰዓት ይጻፋል። ፐርዝ በጥር ወር ከሆባርት በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፣ በሐምሌ በ2 ሰዓት፤ ታዝማኒያ ከጥቅምት የመጀመሪያ እሑድ እስከ ሚያዝያ የመጀመሪያ እሑድ ሰዓቷን ወደፊት ስለምትገፋ፣ ምዕራብ አውስትራሊያ ግን ስለማትገፋ ነው (ወሮቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ በጥር ከፐርዝ 09:00 ተነስታችሁ ሆባርት የምትደርሱት 15:45 ነው። ለሚያየው 6 ሰዓት ከ45 የበረራችሁ ይመስላል። ስትመለሱ 16:30 ተነስታችሁ 18:10 ትደርሳላችሁ፤ 1 ሰዓት ከ40 ብቻ የፈጀ ይመስላል። የሰዓት መቀያየሪያው ሳምንት አካባቢ የምትጓዙ ከሆነ የበለጠ ተጠንቀቁ። አሜሪካ በመጋቢት ሁለተኛ እሑድ፣ አውሮፓ በመጋቢት የመጨረሻ እሑድ ይቀይራሉ፤ በመሃሉ ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ኒውዮርክና ለንደን የሚለያዩት በ5 ሳይሆን በ4 ሰዓት ነው። በጭንቅላት የያዛችሁትን ልዩነት ተዉትና በዚያ ቀን ያለውን እዩ።

ከዚያ ደግሞ የኛው የአማርኛው ሰዓት አለ። ትኬት ላይ 20:15 ማለት ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ15 ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚያስተው 00:30 ነው። ቀን የሚለወጠው ሲነጋ አድርጎ የለመደ ሰው «12ኛው ቀን፣ 00:30» የሚለውን አይቶ በ12ኛው ቀን ማታ ሻንጣውን ይዞ ይመጣል። በረራው ግን በ11ኛው ቀን ለ12 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ሄዷል። ከ00:00 እስከ 05:59 ድረስ የተጻፈ መነሻ ባያችሁ ቁጥር «ወደ ማረፊያው የምሄደው ከዚህ ቀን በፊት ባለው ማታ ነው» ብላችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከመድረሻው ሰዓት አጠገብ ያለችው የመደመር ምልክትና 1 ደግሞ በማግስቱ ትደርሳላችሁ ማለት ነው፤ የሆቴሉን ሌሊት በዚያ ቁጠሩ።

እቅዱን የምታወጡት ከመነሻ ወደ መድረሻ አይሁን። ከመጨረሻው ትንሽ በረራ ወደ ኋላ ቁጠሩ። እኔ የተሳሳትኩት ዋናው ነገር ይህ ነበር፤ ረጅሙን በረራ መጀመሪያ መርጬ ትንሹን በኋላ መፈለግ። ረጅሙ በረራ ሌላ ቀንም ሌላ ሰዓትም ይገኛል። ወደ ትንሿ ከተማ የሚሄደው ግን በቀን አንድ ወይም ሁለት ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ አመሻሽ ላይ ይነሳና አበቃ፣ ማረፊያውም ይዘጋል። መጀመሪያ እነዚያን ሰዓቶች ጻፉ። ቢቻል የዕለቱን የመጨረሻውን ሳይሆን ከእሱ የሚቀድመውን ያዙ፤ ቢያመልጣችሁ ሌላ አለላችሁ። ከዚያ ወደ ኋላ የመሸጋገሪያ ጊዜ ቀንሱ፤ አገር ውስጥ ለአገር ውስጥ 1 ሰዓት ተኩል፣ ከውጭ ወደ አገር ውስጥ ቢያንስ 3 ሰዓት። ረጅሙ በረራ የግድ ከዚያ ሰዓት በፊት መድረስ አለበት። እየደረሰ የሚገኘው ማታ ብቻ ከሆነ እዚያው አድሮ በጠዋቱ መሄድ ሌሊቱን ወንበር ላይ ከማደር ይሻላል።

አየር መንገዶች 45 ደቂቃ ያለውን ኮኔክሽን ሊሸጡላችሁ ይችላሉ፤ ማረፊያው ከሚፈቅደው ዝቅተኛ የመሸጋገሪያ ጊዜ በላይ እስከሆነ ድረስ ሕጋዊ ነው። በወረቀት 45 ደቂቃ የሆነው ግን መሬት ላይ ሲወርድ እንዲህ ነው፦ አውሮፕላኑ በሰዓቱ ጌት ላይ ይቆማል፤ ከኋላ ወንበር ለመውጣት 15 ደቂቃ ይሄዳል፤ የቀጣዩ በረራ ጌት ከመነሻው 15 ወይም 20 ደቂቃ ቀድሞ ይዘጋል። የቀራችሁ 10 ወይም 15 ደቂቃ ነው፤ በዚያ ውስጥ አውቶቡስ፣ ፍተሻ ወይም የፓስፖርት ሰልፍ ካለ በቃ።

ሁሉም በረራ በአንድ ትኬት፣ በአንድ የማስያዣ ቁጥር ይሁን። ይህን ደጋግሜ ብናገር አይታክተኝም። በአንድ ትኬት ሆናችሁ የመጀመሪያው ቢዘገይና ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ የሚቀጥለውን መፈለግ የአየር መንገዱ ዕዳ ነው። ለየብቻ የተገዛ ትኬት ከሆነ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ መንገደኛው አልመጣም። ትኬቱ ይቃጠላል፣ ብዙ ጊዜ መመለሻውም አብሮ ይሰረዛል። ሻንጣውም እስከ መጨረሻው አይላክም፤ ወጥታችሁ ታነሱታላችሁ፣ እንደገና ተሰልፋችሁ ታስረክባላችሁ፤ የሻንጣ መቀበያው ደግሞ ከመነሻው 40 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቀድሞ ይዘጋል። ለየብቻ መግዛት የግድ ከሆነባችሁ በመሃሉ አንድ ሌሊት አስገቡ።

በአንድ ትኬትም ቢሆን ሻንጣ የሚነሳባቸው አገሮች አሉ። ወደ አሜሪካ ስትገቡ በአብዛኛው መጀመሪያ በረገጣችሁት ከተማ ሻንጣችሁን አንስታችሁ በጉምሩክ አልፋችሁ እንደገና ታስረክባላችሁ። ከትሮምሶ ወደ አንኮሬጅ ስትሄዱ ይህ የሚሆነው ሲያትል ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ፍተሻ እንደ አዲስ ስለሆነ ከቀረጥ ነፃ ሱቅ የገዛችሁትን ፈሳሽ ሻንጣ ውስጥ ክተቱት፤ በእጅ ከያዛችሁት ሊቀር ይችላል።

ቪዛውን እያንዳንዱን መሸጋገሪያ እየቆጠራችሁ አረጋግጡ። አሜሪካ ለመሸጋገርም ቢሆን ቪዛ ወይም የጉዞ ፈቃድ ትጠይቃለች። በሸንገን አገሮች (በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ባስቀሩት የአውሮፓ አገሮች) ደግሞ ኢትዮጵያንና ኤርትራን ጨምሮ የአንዳንድ አገራት ፓስፖርት ያዥ ከማረፊያው ሳይወጣም የመሸጋገሪያ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያለውና የመሳሰሉት ነፃ የሚሆኑባቸው ሁኔታዎች አሉ። ሰው የማያስተውለው ግን የሚከተለውን ነው፤ በሁለት የሸንገን ከተሞች በኩል ካለፋችሁ፣ ለምሳሌ ፍራንክፈርትና ኦስሎ፣ የመጀመሪያው ላይ ድንበር ገብታችኋል ማለት ነው፣ በመካከላቸው ያለው በረራ እንደ አገር ውስጥ ነውና። ያኔ የመሸጋገሪያ ቪዛው አይበቃም፣ መደበኛ የመግቢያ ቪዛ ይጠየቃል። ይህ የሚታወቀው መነሻችሁ ላይ ቼክኢን ስታደርጉ ስለሆነ ከዚያ በኋላ መፍትሔ የለውም። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እዩት።

ወደ ትንሹ አውሮፕላን ስትደርሱ የእጅ ሻንጣችሁ ይፈተናል። የትልቁ አውሮፕላን የራስጌ ማስቀመጫ የሚቀበለውን ባለ ጎማ ሻንጣ የትንሹ አይቀበለውም፤ ደረጃው ሥር ይወስዱባችሁና ከታች ይጫናል። ባትሪ፣ ፓስፖርት፣ መድኃኒትና ላፕቶፕ በትንሽ ቦርሳ ለብቻ ተይዞ ይቆይ፤ ሻንጣውን ሲነጥቋችሁ ደረጃ ላይ ቆሞ መበርበር እንዳይመጣ። የተፈቀደው ኪሎም የሚወሰነው ብዙ ጊዜ በረጅሙ በረራ ነው፤ ነገር ግን ለየብቻ ትኬት ከሆነ በትንሹ አውሮፕላን 15 ወይም 20 ኪሎ ብቻ ሊፈቀድላችሁ ይችላል።

ሻንጣ አብሮ ሳይመጣ የሚቀርበትም ምክንያት አለው። የሞቀ ወይም ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ ለመነሳት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። መንደርደሪያው አጭር ከሆነ ክብደት ይቀነሳል። በኖርዌይ ብዙ ትንንሽ ማረፊያዎች 800 ሜትር ገደማ መንደርደሪያ ብቻ ነው ያላቸው። የአየሩ ሁኔታ ሲበላሽ ደግሞ ወደ ሌላ ማረፊያ ለማቅናት ትርፍ ነዳጅ ይጫናል፤ ነዳጅ ሲጨምር ሌላ ነገር ይወርዳል። የሚወርደውም በአብዛኛው ሻንጣ ነው፣ ሰውን ከማስወረድ ይቀላልና። ስለዚህ ወደ ትንሽ ማረፊያ ስትሄዱ የሁለት ቀን መድኃኒትና የአንድ ቀን ልብስ በእጃችሁ ይኑር።

ጭጋግ ሌላው ነው። ትልልቅ ማረፊያዎች ምንም በማይታይበት ሁኔታ ለማሳረፍ የሚያስችል መሣሪያ አላቸው፤ ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ የላቸውም። አውሮፕላኑ ከላይ ይዞራል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ወደ መጣበት ይመለሳል ወይም ሌላ ከተማ ያወርዳችኋል። ጭጋግ የሚበዛው በማለዳ ስለሆነ በጭጋጋማ ወቅት ረፋድ ላይ ያለውን በረራ ምረጡ። በረዶ በሚጥልበት አገር በአንጻሩ ክንፉን ከበረዶ ለማጽዳት 10 እና 20 ደቂቃ ይሄዳል፤ ይህ ትኬቱ ላይ አይጻፍም፣ ኮኔክሽናችሁ ላይ ግን ይቆጠራል።

ዕለቱ ላይ ነገር ሲበላሽ ሰልፍ ላይ ብቻ አትቁሙ። እየተሰለፋችሁ በስልክ መተግበሪያው አማራጭ ፈልጉ፣ አየር መንገዱንም ደውሉለት፤ ቀድሞ የመጣው ይሻላል። ስትጠይቁም «ምን አላችሁ?» አትበሉ። ትንሿ ከተማ በስንት ሰዓት በረራ እንዳላት አስቀድማችሁ ጽፋችኋልና «በዚህኛው በኩል፣ በዚህ ቁጥር በረራ አስገቡኝ» በሏቸው። ሠራተኛው ለእናንተ ከተማ የሚሄዱትን በረራዎች በቃሉ አያውቃቸውም፤ ያዘጋጃችሁለትን ማስገባት ግን የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሌሊት ቢያድርባችሁ የሆቴልና የምግብ ወረቀት ጠይቁ፤ በራሳችሁ ከከፈላችሁ ደረሰኙን ያዙ።

ርቀቱ እንደገና የሚያስፈልጋችሁ እዚህ ጋ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች፣ እንዲሁም ከኖርዌይና አይስላንድ በሚነሳ በረራ ላይ በ2004 የወጣው ደንብ ቁጥር 261 ይሠራል። በረራው ብዙ ሲዘገይ ወይም ሲሰረዝ የሚከፈለው ካሣ የሚለካው በኪሎ ሜትር ነው፤ እስከ 1,500 ድረስ 250 ዩሮ፣ ከ1,500 እስከ 3,500 ድረስ 400 ዩሮ፣ ከዚያ በላይ፣ መነሻውም መድረሻውም እዚያው አገሮች ውስጥ ካልሆነ፣ 600 ዩሮ። የሚቆጠረው የዞራችሁበት መንገድ ሳይሆን ከመጀመሪያ መነሻ እስከ መጨረሻ መድረሻ ያለው አጭሩ የኩርባ ርቀት ነው፤ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2017 ይህንኑ አጽንቶታል። በሦስት ከተማ ዞራችሁ 1,700 ኪሎ ሜትር ብትበሩም ቀጥታው 1,400 ከሆነ የሚገባችሁ 250 ነው። የአየር ጠባይ መበላሸትና ከአየር መንገዱ ቁጥጥር ውጪ የሆነ ነገር ካሣ አያስከፍልም፤ ምግብና ሆቴል ግን ያኔም ይገባችኋል። ያሰላችሁትን ቁጥር ከማመልከቻው ጋር አያይዙት።

ሻንጣ ከጠፋ ወይም ከተጎዳ ከማረፊያው ሳትወጡ አመልክቱ፣ የማመልከቻውን ቁጥር የያዘውንም ወረቀት ተቀበሉ። አራት በረራ ከሆነ ማመልከቻው የሚሰጠው መጨረሻ ላይ ላደረሳችሁ አየር መንገድ ነው፣ ሻንጣው የጠፋው ሌላው ጋ ቢሆንም እንኳ። በ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት የተጎዳ ሻንጣ በ7 ቀን፣ ዘግይቶ የመጣ ደግሞ ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ግድ ነው። ቦርዲንግ ፓሱ ላይ የተለጠፈችውን ትንሿን የሻንጣ ቁጥር ቤት እስክትገቡ ድረስ አትጣሏት፤ ፎቶም አንሷት።